ከመድረኩ ራቅ ብሎ መቆም፦ ሲግድን እንዴት እንዳየሁት

ኢየሩሳሌም ለትምህርት በቆየሁበት ጊዜ ስለ ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ጥያቄዎች የሚወራበት መድረክ ጠፍቶ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲው ውይይት ያዘጋጃል፤ ማኅበራት መግለጫ ያወጣሉ፤ ጋዜጦችም አንድ ነገር ሲፈነዳ ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ የላቸውም። ከዚያ ሁሉ ንግግር የቀረልኝ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የገባኝ በሲግድ በዓል ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ስውል ነው። አዋዋሌን የምጽፈውም አንድን ማኅበረሰብ በበዓሉ በኩል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው።

ሲግድ ከማስተሰረያ ቀን (ከዮም ኪፑር) በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውል የጾም፣ የጸሎትና የቃል ኪዳን ማደሻ በዓል ነው። ቤተ እስራኤላውያን ጎንደር አካባቢ በሚኖሩበት ዘመን፣ አምቦበርን በመሳሰሉ መንደሮች፣ ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይጸልዩ ነበር። ዛሬ አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ከፍታ ላይ ተሰብስበው አሮጌዋን ከተማና የቤተ መቅደሱን ተራራ በዓይናቸው እያዩ ይጸልያሉ። የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በሕግ የታወቀ በዓል ደግሞ ባለሥልጣን ይጠራል፣ ካሜራ ይጠራል፣ አቤቱታ ያለውንም ሰው ይጠራል። እኔም የምፈልገው ይህንን ነበር።

የሄድኩበት በዓል የዋለው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 25 ቀን 2014 ነው። ቀኑን የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሀል አገር እየገሰገሰ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን እንደ ጨበጠ የሚያድርበት ሰሞን።

ከበዓሉ በፊት ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛው መጽሐፈ ነህምያን ምዕራፍ ስምንትና ዘጠኝን ማንበብ ነበር፤ ቄሶቹ (የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎችም እንዲሁ ነው የሚጠሩት) በዕለቱ ከሚያነቡት ውስጥ ነው። ከስደት የተመለሰው ሕዝብ ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ፣ በራሱ ላይ ትቢያ ነስንሶ ይሰበሰባል፤ የእስራኤል ዘር የሆኑትም ከባዕዳን ተለይተው ይቆማሉ። ይህችን ቁጥር ቤቴ ሆኜ ሳነባት እንደ ማንኛውም ጥንታዊ ታሪክ አለፍኳት። ከሰዓት በኋላ በዓሉ ላይ ግን ክርክሩ ሁሉ እሷን ሲዞር አገኘሁት፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ያፎ ጎዳና አካባቢ በርበሬና ጤፍ ወደሚሸጡ አንዲት እናት ሱቅ ሄጄ ምክር መጠየቅ ነበር። «ጥያቄህን እቤትህ ትተኸው ና» አሉኝ። «ጾም ላይ ያለ ሰው ለጋዜጣ አይናገርም። ጸሎቱ ሲያበቃ ሰው ዳቦ ይቆርሳል፣ ያን ጊዜ አንተ ባትጠይቅም ይነግርሃል።» የማኅበረሰብ ጥናት መምህሮቼ በአንድ ወሰነ ትምህርት ያላስጨበጡኝን ዘዴ ሚዛናቸው ላይ ምስር እየሰፈሩ ነገሩኝ።

አውቶቡሶቹ ከማለዳ ጀምሮ ከነታንያ፣ ከረሆቮት፣ ከአሽቀሎን፣ ከቅርያት ማላኪ ሰው እያመጡ ያራግፋሉ። እናቶች በነጭ ቀሚስና ነጠላ፤ አባቶች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው። የወታደር ልብስ የለበሱ ወጣቶች መሣሪያቸውን በትከሻቸው እንዳነገቱ ጎንበስ ብለው የሽማግሌ ጉልበት ይስማሉ። ቄሶቹ ነጭ ጥምጥማቸውን አስረው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው ወደ መድረኩ ይወጣሉ። ኦሪቱ በግእዝ ይነበባል፤ ትርጓሜው በአማርኛና በትግርኛ ይከተላል።

እኔ መድረኩ ሥር ከካሜራዎቹ ጋር አልቆምኩም። ወደ ኋላ አፈግፍጌ፣ ታጣፊ ወንበር ይዘው ከመጡ ሽማግሌዎች አጠገብ ቦታ ያዝኩ። ከዚያ ሆኖ የሚነገረው በደንብ ይሰማል፤ ሰሚው በየትኛው ቃል እንደሚነቃነቅ ደግሞ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። አጠገቤ የነበሩት አባት የጠለምት ሰው ናቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት ባልንጀራቸው የደንብያ። አንዱ ትርጓሜውን በትግርኛ ሲሰሙ ሌላው በአማርኛው ተራ «አሜን» ይላሉ። ከዚያ በዚያው ሰዓት አገር ቤት በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ተናጋሪዎች መካከል ስላለው እሳት አሰብኩ። ምንም አልጠየቅሁም። ንባቡ ጋብ ሲል የጠለምቱ አባት ራሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አዲ አርቃይ ዛሬ በማን እጅ ናት?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። «እኛ በዚያ በኩል ነው በእግራችን ወደ ሱዳን የወጣነው» ብለው ዝም አሉ። የሱዳን መንገድ ስንቱን እንዳስቀረ የማኅበረሰቡ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በጉዞውና በመጠለያ ጣቢያዎቹ የሞቱት ወደ 4,000 ይገመታሉ። ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው የዘመቻ ሙሴ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ ጀምረው የጫኑት ከዚያ የተረፈውን ነው።

ከዚህ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ። ስለ ፖሊሲ ከመጠየቄ በፊት ስለ አገር ቤት መንደር እጠይቃለሁ። «ከየት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ለቤተ እስራኤል ሽማግሌ የጨዋታ ሁሉ በር ነው፤ መንደሩን ሲጠራ ዘመዱን ይጠራል፣ ዘመዱን ሲጠራ ማን እንደቀረ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ፖለቲካው ሳይጠሩት ይመጣል።

ባለሥልጣናቱ መጡ። ንግግሩ ያማረ ነበር፤ ስለ ጽናት፣ ስለ ውብ ባህል፣ ስለ አንድነት። የዚያን ዓመት የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ፕኒና ታማኖ ሻታ ራሳቸው ጎንደር አካባቢ የተወለዱና በሕፃንነታቸው በሱዳን በኩል የወጡ ናቸው፤ በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆነች ሴት በዚያች አገር ሚኒስትር ስትሆን የመጀመሪያዋ ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ከአጠገቤ ያሉት ሽማግሌዎች የሚያጉረመርሙት ስለ ንግግሮቹ ይዘት ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነበር። ጾመኛ ሕዝብ ፀሐይ ላይ አቁሞ የፖለቲካ ሰላምታ ማሰማት፣ የቄሱን ቃል በማስታወቂያ መካከል እንደ ማስገባት ነው አሉ የደንብያው ሰው። ቁጣቸውን እኔም እጋራለሁ። መንግሥት በዓሉን በሕግ ሲያውቅ ያከበረው ማንን እንደሆነ የሚታየው ማይክሮፎኑን ማን ለስንት ደቂቃ እንደያዘው ሲቆጠር ነው።

የቄሶቹ ነገር ከዚህ የከረረ ነው። ጸሎቱ አብቅቶ ሰው በየዛፉ ጥላ ምሳውን ሲዘረጋ፣ ዳቦ ቆርሰው የሰጡኝ ቤተሰቦች ዘንድ ልትዳር የተቃረበች ልጅ ነበረች። አያቷ ቄስ ናቸው። በእስራኤል የአይሁድ ጋብቻ የሚመዘገበው በዋናው ረቢናት፣ በአገሪቱ የአይሁድ ሃይማኖት ባለሥልጣን፣ በኩል ስለሆነ፣ አያቷ ይባርኳታል እንጂ ጋብቻዋን በሕግ ፊት ሊያጸኑላት አይችሉም። «በሲግድ ቀን ፎቶ ያነሷቸዋል፣ በሠርጌ ቀን ግን ምስክር እንኳ አይሆኑም» አለች፤ አያቷ እየሰሙ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ዳቦውን መቁረስ ቀጠሉ። እናቷ ቀበል አድርጋ እ.ኤ.አ. ስለ 1985 አጫወተችኝ። ረቢናቱ ለይሁዲነታችሁ ማረጋገጫ በውኃ ተጠመቁ ብሎ ሲያዝ፣ ማኅበረሰቡ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የረቢናቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጦ ተቃውሟል። በአንድ ምሳ ላይ ሦስት ትውልድ ሰማሁ፤ ጉዳዩ አንድ ነው፣ ማን ማንን ይሁዲ ብሎ ያውቃል የሚል።

እዚህ ላይ ነው ነህምያ የሚመለሰው፤ የእስራኤል ዘር ማን ነው፣ ባዕድስ ማን ነው በሚለው። ከመድረኩ ወደ ታች ስወርድ ፎቶግራፍ በፕላስቲክ አሽገው ደረታቸው ላይ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የሚጠባበቁ ወላጆች፣ ወንድሞች፣ ልጆች ናቸው። ከፎቶ ያዦቹ አንዷን «ወንድምሽ ነው?» አልኳት። «ወንድሜ ነው፤ ይሄ ፎቶ ሲነሳ ጢም አልነበረውም፣ አሁን ልጆቹ ጢም አብቅለዋል» አለች። ቤተሰቡ ከገጠር መሬቱን ሸጦ ጎንደር ከተማ የገባው በቅርቡ ትሄዳላችሁ ተብሎ ነው። ሕጉን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ቅድመ አያቶቻቸው በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው መቶ ዘመን ክርስትና ስለተነሱ አይሁድ ወደ እስራኤል መጥተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ አይመለከታቸውም፤ የሚገቡት መንግሥት በየጊዜው በሚያሳልፈው ውሳኔና በኮታ ነው። ስለዚህ ካቢኔ በተቀየረ ቁጥር ጥበቃው እንደ አዲስ ይጀምራል። የተጠባባቂዎቹ ቁጥር ራሱ መከራከሪያ ነው፤ መንግሥት የሚለውና ቤተሰቦቹ የሚሉት ተገጣጥሞ አያውቅም።

ጉዳዩ በማኅበረሰቡና በመንግሥት መካከል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥቂት እርምጃ ፈንጠር ብለው ተቀምጠው የነበሩ፣ በሱዳን የመጡ አዛውንት ግን ሌላ አሉኝ። «እኛ ስለ ሃይማኖታችን ስንገፋ፣ መሬት ስንከለከል፣ እነሱ መስቀል አስረው ርስት ያዙ። ዛሬ ደግሞ ወንድሞቻችሁ ነን ይላሉ።» ንግግራቸው መራራ ነበር። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸው ረገብ አለና፣ «ግን የአክስቴም ልጅ እዚያ አለ። መጥቶ ቢያየኝ ምን እላለሁ?» አሉ። «ማኅበረሰቡ እንዲህ ይጠይቃል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ማኅበረሰብ በአንድ አፍ አይናገርም፤ አንድ ሰው እንኳ በአንድ አፍ አይናገርም።

ወጣቶቹ ሣሩ ላይ ናቸው፤ ሙዚቃ አለ፣ እስክስታ አለ፣ ወሬው በዕብራይስጥ ነው። አማርኛዬ ሽማግሌዎቹ ዘንድ የከፈተልኝ በር እዚህ አይሠራም። የተሰባበረ ዕብራይስጤን ይዤ ገባሁ። የእነሱ ሲግድ ስለ ጎንደር ተራራ ከሚያስበው በላይ ስለ ፖሊስ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳማስ ፓካዳ የተባለው ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ፤ በ2019 ደግሞ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ ሁለቱም አገር አቀፍ ተቃውሞ አስነሱ። የሰሎሞንን ስም ሳይጠራ ያነጋገረኝ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ወደ 160 ሺህ ይጠጋ ከነበረው ማኅበረሰብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እዚያው እስራኤል የተወለደ ነበርና፣ ስለ መምጣት ሳይሆን ስለ መኖር መጠየቁ አይገርምም።

ማስታወሻ ደብተሬን ያወጣሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ በዓሉ ላይ አልጻፍኩም። ደብተር ሲወጣ ሰው ንግግሩን ያስተካክላል። ከዚያ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሰማሁትን ከሰነድ ጋር አስተያየሁ። በወቅቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ኃላፊ የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን የፀረ ዘረኝነት ሪፖርት አነበብኩ፤ ወጣቶቹ ሣር ላይ የነገሩኝ አብዛኛው እዚያ በመንግሥት ቋንቋ ተጽፏል። በኖቬምበር 28 ካቢኔው 3,000 ሰዎች እንዲገቡ ወሰነ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተጓተተና አውሮፕላኖቹ ማረፍ የጀመሩት በጁን 2022 ነው። ፎቶ ይዛ ያገኘኋትን ሴት ባልሰማ ኖሮ ያንን ውሳኔ እንደ ድል ዜና አንብቤ አልፌው ነበር። ሰምቻት ስለነበር መጀመሪያ የፈለግሁት ቁጥሩን ሳይሆን መስፈርቱን ሆነ።

መሄድ ለሚፈልግ፦ ማለዳ ድረሱ፤ ወደ አርሞን ሃናጺቭ የሚወስዱት መንገዶች ከረፋዱ ጀምሮ ይጨናነቃሉ። ነጭ ብትለብሱ ጥሩ ነው፤ ውኃና ምግብ ይዛችሁ ከሆነ ጾሙ እስኪፈታ ከቦርሳ አታውጡ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፎቶ አታንሱ። ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ለራሳችሁ ባያስፈልጋችሁ የሚቀመጥበት ሽማግሌ አይጠፋም፣ እሱም ከየት እንደመጣ ሳይነግራችሁ አይነሳም።