የጃኖው ጥለት ለምን ጠቆረ?

በእኛ ማተሚያ ቤት ነሐሴ ቀዝቃዛ ወር ነው። የምረቃ ባነሩ አልፏል፣ የሠርግ ካርዱ ገና ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ስለማያባራ ታፔላ የሚያሰቅልም የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ጃንጥላውን እያራገፈ ገብቶ «ካፌ ልከፍት ነው፤ ሁለት ግድግዳ ሙሉ ፎቶ እፈልጋለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ መድረስ አለበት» ሲል አሠሪያችን ወንበር አቀረበለት፣ ሻይም አዘዘለት። ሰውዬው አሜሪካ ብዙ ኖሮ የተመለሰ ነው። በፍላሽ ሁለት ምስል ይዞ መጥቷል።

አንዱ የኒው ዮርክ መልበሪ ጎዳና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ግድም የተነሣ። ግራና ቀኝ ረጃጅም የኪራይ ሕንፃ፣ በሕንፃዎቹ ፊት የእሳት ማምለጫ የብረት ደረጃ፣ መንገዱ ላይ የፈረስ ጋሪና የአትክልት መደብ ትርምስ። ሰፈሩ ያኔ ከጣልያን የተሰደዱ ድሆች የተጨናነቁበት ነበር። ከፊት ያሉት ሰዎች ግብይቱን ትተው ካሜራው ላይ አፍጥጠዋል። ሁለተኛው ደግሞ ጥቁርና ነጭ የድሮ ፖስትካርድ ነው፤ የአዲስ አበባው አራዳ ገበያ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ጣልያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወሩ በፊት። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ገበያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰው እህልና ቅቤ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በመሀል አንድ ትልቅ ሰው በበቅሎ ያልፋል፤ አጃቢዎቹም ከኋላና ከፊት አሉ።

«ሁለቱ ገበያ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ነው የምፈልገው» አለ ባለ ካፌው። «የኒው ዮርኩ ከነቀለሙ አለ። የእኛንም ቀለም አልብሱልኝ፤ አጠገቡ ሲቆም እንዳያፍር።»

ሐሳቡን ወደድኩት። «እንዳያፍር» የምትለዋን ግን አልወደድኳትም። ዝም አልኩ፤ የእኔ ሥራ ማሽኑ ላይ ነው፣ ዲዛይኑን የያዘው ልጅ ነው። ልጁ ፈጣን ነው፤ ፎቶውን ከፍላሹ ገልብጦ ራሱ ቀለም የሚቀባ ፕሮግራም ውስጥ ከተተውና ሻይ ሳንጨርስ መልሶ አወጣው። ሣሩ አረንጓዴ ሆኗል፣ በቅሎዋ ዳማ፣ ነጠላው ነጭ። ባለ ካፌው አየና «ይሄ ነው!» ብሎ ቀብድ ከፈለ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ አተምነው። የምናትምበት ፕላስቲክ፣ ቪኒሉ፣ ከአዲስ አበባ የአባይን በረሃ ተሻግሮ የሚመጣ ነውና ዋጋው ቀላል አይደለም።

ሊወስድ ሲመጣ እናቱን ይዞ መጣ። ሸምገል ያሉ፣ ነጠላቸውን ደልደል አድርገው የለበሱ፣ ከብቸና ለካፌው ምርቃት የመጡ እናት ናቸው። ባነሩን መሬት ላይ ዘረጋንላቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«የማን ለቅሶ ነው ይሄ?»

«ለቅሶ አይደለም እማዬ፤ ገበያ ነው» አላቸው ልጃቸው።

«ገበያውንማ አየሁት። እኒህ ከበቅሎው ጋራ ያሉት የለበሱት ጥለቱ ጥቁር ነው። ያ ሁሉ መኳንንት ጥቁር ጥለት ለብሶ ሲወጣ ንጉሥ ሞቶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በአዲስ ዓመት በር ስትከፍት ለቅሶ ትሰቅላለህ? አይሆንም!»

እውነትም ጥለቱ ከሰል መስሏል። ባለ ካፌው ወደ እኛ ዞረ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ዲዛይነሩ ልጅ «ኦርጅናሉም ላይ ጥቁር ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ኦርጅናሉን አሳየው፤ በእርግጥም ጥቁር ነው። አሠሪያችን ስለ ቀብዱ ማሰብ ጀመረ።

እዚህ ላይ የእኔ የድሮ ሥራ ጠቀመ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ፎቶ ቤት ውስጥ ጨለማ ክፍል ነበር የምሠራው። ያን ክፍል የሚያውቅ ሰው ቀይ አምፖሉን አይረሳም። በቀይ ብርሃን ወረቀቱን እያየን እናጥባለን፤ ነጭ አምፖል ከበራ ግን ሁሉም ያልቅለታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይሰማውም። ለእሱ ቀይና ጨለማ አንድ ነው።

የዚያ ዘመን ካሜራ በፊልም ፈንታ የሚጠቀምበት መስታወትም እንዲሁ ነው። በብር ጨው የተቀባ መስታወት ከመሠረቱ የሚያየው ሰማያዊውን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ፎግል የሚባል ጀርመናዊ ቀለም ቢጨምሩበት አረንጓዴውንም እንደሚያይ ደረሰበት። ቀዩን ጭምር የሚያይ መስታወት ለገበያ የቀረበው በ1906 እንግሊዝ አገር ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ፎቶ አንሺ በአሮጌው ሲሠራ ቆይቷል። ለዚህ ነው በጥንት ፎቶ ላይ ሰማይ ሁልጊዜ ነጭ ባዶ የሚሆነው፣ የሰው ፊትም ከልኩ በላይ የሚጠቁረው። አያቶቻችን በፎቶ ላይ ከሰል መስለው ሲታዩ «ፀሐይ ነው» እንላለን፤ ግማሹ የመስታወቱ ጥፋት ነው።

ይህን ባስረዳም ባለ ካፌው የሚያምን አልሆነም። ሰበብ የምፈልግ መሰለው፤ እኔም እሱን ብሆን አላምንም። ስለዚህ እናቱን ለመንኩ። «እማማ፣ የለበሱት ነጠላ ጥለቱ ቀይ ነው፤ በስልክ ላንሣዎት?» ፈቀዱ። ፎቶውን ፎቶሾፕ ላይ ከፈትኩና ሦስቱን የቀለም ቻናል፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ ለያይቼ እንደ ድሮው መስታወት ሰማያዊውን ብቻ አሳየኋቸው። ደማቁ ቀይ ጥለት ጥቁር ሆኖ ወጣ። እናትየዋ ስክሪኑን አዩ፣ ነጠላቸውን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን።

«ኧረ ወዲያ! እኔንም ሐዘንተኛ አደረግኸኝ።»

ባለ ካፌው ሳቀ፤ ያኔ ነው ነገሩ የበረደው። ያላሰብኩትን ግን እናትየዋ ጨመሩ። ወደ ባነሩ ተመልሰው በጣታቸው እያሳዩ «እስቲ ቆይ፤ አልተዘቀዘቀም እኮ» አሉ። ሐዘን ቢሆን ሰዎቹ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ይለብሱት ነበር፤ እነዚህ ግን ደንቡን ጠብቀው ወደ ታች ጥለውታል። «ይሄ ጃኖ ነው። አባቴ ለጥምቀትና ለልደት ከሣጥን የሚያወጣው ዓይነት። ተራ ሰው አይለብሰውም፤ አየህ፣ መሬት የተቀመጡት ባለ ቅቤዎች ጥለት የላቸውም።» እኔ በቻናል ያረጋገጥኩትን እሳቸው በአለባበሱ አረጋገጡት፤ የእሳቸው ማስረጃ ደግሞ ይበልጣል። የእኔ ጥቁሩ ቀይ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የእሳቸው ግን ሐዘን አለመሆኑን ይለያል።

ዲዛይነሩ ወዲያው «በቃ፣ ጥለቱን ቀይ አደርገዋለሁ» ብሎ ብሩሹን አነሣ። እዚህ ላይ ተከራከርን። ጥለቱን እሺ። የባለ በቅሎው ጃንጥላስ? የኮርቻው ልብስስ? እነሱም ጥቁር ናቸው፤ ቀይ ይሁኑ አረንጓዴ ወይም በእውነት ጥቁር፣ መስታወቱ አይነግረንም። እናትየዋን ብንጠይቅ «የማላውቀውን አልናገርም» አሉና ቁጭ አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያቺን መልስ የሰጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለ ካፌው አሁንም የኒው ዮርኩን እየጠቆመ «የፈረንጁ ግን ከነቀለሙ አለ፤ የእኛ ለምን ይጎድላል?» ይላል። ይህ ጥያቄ የሁሉም ሰው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመልበሪ ጎዳናን ያሳተመው ዲትሮይት ከተማ የነበረ የፎቶ ኩባንያ ነው፤ መጀመሪያ ዲትሮይት ፎቶግራፊክ፣ ከ1905 እ.ኤ.አ. በኋላ ዲትሮይት ፐብሊሺንግ ተባለ። ዊሊያም ሄንሪ ጃክሰን የተባለው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ በ1897 በሺህ የሚቆጠር ኔጋቲቩን ይዞ ገባበት። ሥራቸው ንግድ ነው፤ ጎዳና፣ ወደብ፣ ሆቴል፣ ጋዜጣ ሻጭ ልጅ፣ ጫማ ጠራጊ፣ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ይነሣል፣ ፖስትካርድ ይሆናል፣ ለአገር ጎብኚ ይቸበቸባል። ሲያድግ በዓመት ሚሊዮኖች ያትም ነበር፤ በ1924 ግን ከሰረ። ዛሬ ከሃያ አምስት ሺህ በላይ የሚሆነው የመስታወት ኔጋቲቩና ግልባጩ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ባለ ካፌውም ምስሉን ያወረደው ከዚያው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ነው።

ቀለሙን ግን ካሜራ አላነሣውም። ፎቶክሮም ይባላል፤ ስዊስ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው፤ ኩባንያው የአሜሪካ መብቱን ገዝቶ አመጣው። አሠራሩ ለእኛ ለአታሚዎች አይከብድም። ጥቁርና ነጩን ኔጋቲቭ በድንጋይ ላይ ያሳርፉታል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ አለው፤ አንዳንዱ ምስል ከአሥር በላይ ድንጋይ ይወስዳል። የእኛ ማሽን በአራት ቀለም እንደሚሠራው እነሱ በድንጋይ ይደራርቡታል። የትኛው ሸሚዝ ቀይ፣ የትኛው ቀሚስ ሰማያዊ ይሁን የሚወስነው ግን ማተሚያ ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ ነው፤ ቢበዛ ፎቶ አንሺው የያዘለትን ማስታወሻ ያያል፣ ካልሆነ ዓይኑ የፈቀደውን ይቀባል። የሉሚዬር ወንድማማቾች እውነተኛ ቀለም የሚያነሣውን ኦቶክሮም ገበያ ላይ ያወጡት በ1907 ነው። እንግዲህ ባለ ካፌው «ከነቀለሙ» ያለው የኒው ዮርክ ገበያ፣ የእኛ ልጅ ከሠራው ምን ለየው? እነሱ በድንጋይ ገመቱ፣ እኛ በኮምፒውተር።

በበኩሌ ከንግድ ፎቶ መሀሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን ነው የማምነው። መሀሉን ፎቶ አንሺው ለገዢ ያዘጋጀዋል፤ በቅሎ ላይ ያለው ትልቅ ሰው፣ የተሰበሰበው ሕዝብ። ዳር ላይ ያለችው፣ ቅቤዋን በቅል ይዛ ዞር ያለችው ሴት ግን ለማንም ብላ አልተቀመጠችም። ተንቀሳቅሳ ስለነበር ግማሽ ፊቷ ጉም ሆኗል። የእኛ ልጅ ፎቶውን «ሲያጸዳ» እድፍ መስላው ሊያጠፋት ሲል ነው እጁን የያዝኩት።

በመጨረሻ የአራዳው ገበያ እንዳለ፣ በጥቁርና ነጭ ታተመ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርን፦ «የጃኖው ጥለት ቀይ ነው፤ የዘመኑ ካሜራ ቀይ ስለማያይ ጠቁሯል።» ቃሉን ያጸደቁት እናትየዋ ናቸው። የመልበሪውን ባለ ካፌው እንዳለ ተወው፤ «የፈረንጁን ግምት ፈረንጅ ይከራከርበት» አለ። የተበላሸውን ቪኒል ማን ይክፈል በሚለው ላይ ግን አሠሪያችንና ባለ ካፌው እስከ ጳጉሜን ድረስ ተጨቃጭቀው ግማሽ ግማሽ ሆኑ። የተበላሸው ባነር ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር ከዝናብ ይከልልልናል።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ፎቶ ቀለም ይቀባልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው በትእዛዝ ወረቀታችን ላይ አንድ አዲስ ቦታ ይጠብቀዋል፤ «ቀለሙን የነገረን ሰው» ይላል። ልጁ ነው ያስገባው። አሠሪያችን አይወደውም፤ ደንበኛ ያሸሻል ባይ ነው። ትናንት አንድ ሰው የአያቱን ፎቶ ይዞ መጣ፤ ደረታቸው ላይ ኒሻን አለ፣ ሪባኑ ጥቁር ነው። «አረንጓዴ ቀይ ቢጫ አድርገው፣ ምን ችግር አለው» አለ። ልጁ ወረቀቱን ገፋለት። ኒሻኑን በዓይኗ ያየች አክስት ቡሬ እንዳለች ታወቀ፤ ስልኳ ግን ኔትወርክ የለውም፤ ሥራው እስካሁን ቆሟል።