ሳይሞቅ የኖረው ሞተር

በደብረ ብርሃን በምሠራበት ጋራዥ አንድ ክረምት ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ተረከብኩ። ሞተሩ መካኒኮች 22አር-ኢ የምንለው ባለ 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ባለቤቱ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚያመላልሱ ሰው ሲሆኑ፣ ከነዳጁ ብክነት ይልቅ ያስጨነቃቸው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ እግራቸውን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንሥተው እንኳ መኪናው ወደ ፊት መግፋቱና ፍሬኑ መጋሉ ነበር። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን ካልያዘው ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ስለሚወድቅ፣ ሥጋታቸው ተገቢ ነበር።

ሚኒሞውን፣ ማለትም እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሣ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ስለካው በደቂቃ 1,600 ዙር አሳየኝ፤ ካምቢዮው በእጅ በሚገባ ሃይሉክስ ላይ የዚህ ሞተር ሚኒሞ 750 መሆን አለበት። የነዳጅ መርገጫው ገመድ ልል ነው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው የትሮትሉ ምላስም እስከ መጨረሻው ይዘጋል። የሚኒሞ ማስተካከያውን ብሎን ለማጥበቅ ስሞክር ግን ከእኔ በፊት የነካው ሰው እስከ ጥግ አጥብቆት አገኘሁት። ይህ ብሎን የሚቆጣጠረው በትሮትሉ ምላስ ጎን የሚያልፈውን አየር ስለሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ ዙሩ ከሚኒሞ በታች ሊወርድ ወይም ሞተሩ ሊጠፋ ይገባል። ስለዚህ አየር በሌላ መንገድ እየገባ ነው ብዬ ደመደምኩ። ድምዳሜው ትክክል ነበር፤ ስህተቴ «ሞቆ ሳለ» የሚለውን ቃል ሳላጣራ ማለፌ ነው።

በአየር ማስገቢያው መጋጠሚያዎችና በቫኪዩም ቱቦዎቹ ላይ የካርቡራቶር ማጽጃ እየነፋሁ የድምፅ ለውጥ ፈለግሁ፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ማጽጃውን ስለሚስበው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ አግኝቼ ስቀይር ዙሩ ወደ 1,500 ወረደና እዚያው ቆመ። ቀጥሎ ጥፋቱን ምላሱን በያዘው ዕቃ፣ በትሮትል ቦዲው ላይ ጥዬ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ። በማግስቱ ገጥሜ ሳስነሣው መለኪያው ያንኑ 1,500 አሳየኝ። ባለመኪናው ሥራ ፈትተው በር ላይ ተቀምጠው ስለነበር፣ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

አለቃችን ሲመለከቱኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሞተር ከተነሣ ስንት ደቂቃ ሆነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ ደቂቃ ይሆነዋል።»

«እንግዲያው እጅህን እዚህ ላይ አሳርፍ» ብለው የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ አሳዩኝ። በዚያ ሰዓት እጅ የሚያቃጥል መሆን የሚገባው ቱቦ ለብ ያለ ብቻ ነበር። የሙቀት መርፌውንም ያን ጊዜ ገና አየሁት፤ ከታች አልተነሣም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ ቤቱን ስንፈታው ባዶ ነው።

ባለመኪናው ወዲያውኑ አስታወሱ። ከሁለት ዓመት በፊት ጭነት ይዘው ከሸዋ ሮቢት ሲወጡ ውሃው ፈልቶባቸው፣ መንገድ ላይ የረዳቸው መካኒክ «ይህ ነው የሚያሞቅብዎት» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎት ነበር። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሽቅብ ነውና ፍርሃቱ ይገባኛል። በእኛ ከተማ ከፍታ ክዳን የሌለው ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ነገር ግን ደህና የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። ቴርሞስታት እያወጡ መጣል በየጋራዡ እንደ መድኃኒት መቆጠሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ሕመሙ ሳይታከም ሌላ ሕመም ይጨመራልና። የዚህ መኪና ሕመም ራዲያተሩ ነበር፤ ስናወርደው ብዙዎቹ ቧንቧዎች በዝገት ተደፍነዋል።

በ22አር-ኢ ትሮትል ቦዲ ሥር የሞተሩ ውሃ የሚያልፍበት ትንሽ የአየር ቫልቭ አለ። በውስጡ ያለው ሰም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቫልቩ ተከፍቶ ትርፍ አየር ያስገባል፤ ጠዋት ሚኒሞው ከፍ የሚለው በዚህ ነው። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና አየሩን ይዘጋል። ቴርሞስታት በሌለው ሞተር ውሃው ያለማቋረጥ በራዲያተሩ ስለሚዞር፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ያ ሰም መቼም አያብጥም። የውሃው ሙቀት ሴንሰርም ለኮምፒዩተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» እያለ ስለሚነግረው ቤንዚን ይበዛል፤ ብክነቱም ከዚያው የመጣ ነው። እኔ የገዛሁት ትሮትል ቦዲ የራሱን ቫልቭ ይዞ ቢመጣም፣ በዚያው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስለገጠምኩት ለውጥ ሊያመጣ አይችልም ነበር።

ራዲያተሩን አስጠርገን፣ 82 ዲግሪ የተቀረጸበት አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ክዳን ገጠምን፤ የራሱን ትሮትል ቦዲም መለስኩለት። ሞተሩ ሲነሣ ዙሩ ከፍ አለ፤ መርፌው ሲወጣ ማንም ሳይነካው እየወረደ ሄደና፣ ብሎኑ እስከ ጥግ ጠብቆ ስለነበር ሊጠፋ ደረሰ። ብሎኑን ከፍቼ 750 ላይ አቆምኩት። የሶማሌ ተራውን ዕቃ ዋጋ ከሒሳባቸው ላይ አልጨመርኩም፤ የእኔ ጥፋት ነበርና።

በሳምንቱ ከሸዋ ሮቢት ጭነው ሲመለሱ በራችን ላይ አቁመው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፈቱልኝ። ያን ሁሉ ሽቅብ ጨርሶ የመጣ ሞተር መርፌው መካከል ላይ ነበር። መለኪያዬን አምጥቼ አያያዝኩ፤ 750 አሳየ።