«ደረሰኝ!» የተባልኩበት ሌሊት

ግንቦት 2007 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ባሕር ዳር ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። በዚያ ሰዓት ከቤት ሲደወል ስደተኛ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን ሞተ?

«እታለም፣ ደረሰኝ!» አለኝ።

ዲቪ ደርሶት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ።

ኢሜይሉን ላከልኝ። ንስሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ስሙ ከነአያቱ ተጽፏል። ዕድሉ እንዳይሰረዝበት በአምስት ቀን ውስጥ 880 ዶላር በሐዋላ ይላክ ይላል። ነገሩን ለሌላ ሰው እንዳያወራም ያስጠነቅቃል። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ 880 ዶላር ከየት ያመጣል? እኔ ላክሁ። በሳምንቱ ለሕክምና ምርመራ ተብሎ 500 ተጠየቀ። እሱንም ላክሁ። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ኢሜይል ብንልክ መልስ የለም።

አብራኝ ለምትኖረው ልጅ ስነግራት «አሜሪካ እየኖርሽ፣ እንግሊዝኛ እያነበብሽ እንዴት ትበያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜም አልተናገረም። እርስ በርሳችን እንኳ በስልክ ስንገናኝ ስለ ዝናብና ስለ እማዬ እግር ነበር የምናወራው።

እውነተኛውን አሠራር ያወቅሁት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ዲቪ የሞላ ሰው ውጤቱን የሚያየው ራሱ ገብቶ ነው። ፎርሙን ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር፣ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ። አድራሻው በዶት ጎቭ ነው የሚያልቀው። የእኛው ኢሜይል የመጣበት አድራሻ መጨረሻው ዶት ኮም ነበር። «ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል መሥሪያ ቤቱ አይልክም። ያኔ 330 ዶላር የነበረው ክፍያም የሚፈጸመው ለቃለ መጠይቅ በቀረቡበት ቀን፣ እዚያው ኤምባሲ ውስጥ ነበር። ወንድሜ ግን ቁጥሩ እጁ ላይ አልነበረም። ጥቅምት ላይ የሞላለት ኢንተርኔት ቤት ነው ያስቀረው። እኛ የምናስታውሰው ደግሞ የድሮውን ነው። ድሮ ለደረሰው ሰው ወፍራም ደብዳቤ በፖስታ ይመጣለት ነበር። ከሰፈራችን እንደዚያ ደርሷቸው የሄዱ አሉ። ስለዚህ «መልእክት መጣልኝ» ሲለኝ ምንም አልከነከነኝም።

በ2009 ከፋሲካ በኋላ አገር ቤት ገባሁ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ከወንድሜና ከአጎቴ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ጥብስ ቆሮሶ አዘዝን። አጎቴ በወጣትነቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከደንገል ታንኳ ጀምሮ ነው ሐይቁን የሚያውቀው። ከዚያች አብራኝ ከምትኖረው ልጅ በኋላ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣሁት ለእሱ ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

«ሞኞች ሆነን ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

«ዓሣ ጅል ሆኖ ነው መረብ የሚገባ መሰለሽ?» አለኝ። «ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ሊጥል ወንዝ መውጣት አለበት። አይቀርለትም። ሐምሌና ነሐሴ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የምንዘረጋው ለዚያ ነው። እኛ ዓሣውን አናባርረውም። የት እንደሚሄድ ካወቅን ይበቃናል።»

ይህን ያለኝ የማጽናኛ ቃል አድርጎ አልነበረም። ሥራውን ነበር የሚነግረኝ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላገኘሁትን መልስ ያኔ አገኘሁ። የዲቪ ውጤት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ነው። የእኛ ኢሜይል የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ወንድሜ ከጥቅምት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነው የመጣለት። ካልሞላሁት ሎተሪ «አሸነፍሽ» ብባል እኔም አጠፋው ነበር።

የተማሩትም የሚያዙት እንደዚሁ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ አንድ የሊቱዌኒያ ሰው ጉግልንና ፌስቡክን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏቸዋል። ሁለቱም በእርግጥ ዕቃ የሚገዙበት የታይዋን ኩባንያ ነበር። ሰውየው በዚያ ኩባንያ ስም ድርጅት ከፍቶ የሐሰት የክፍያ መጠየቂያ በኢሜይል ላከ። ከፋዮቹ ሂሳብ ይመጣልናል ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። መጣላቸው፣ ከፈሉ።

በእኛ ላይ የሚብሰው ግን ምስጢሩ ነው። ቪዛ ያገኘ ሰው አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ አይናገርም። የሰው ዓይን ይፈራል። አጭበርባሪው «ለማንም አትናገር» ሲል ወንድሜ አልደነቀውም። ማንም ባይነግረው ራሱ ይደብቀው ነበር። ለአንድ ቪዛ ለጨረሰ ጓደኛው ቢያሳየው ኖሮ «ተው፣ ይሄ ውሸት ነው» ባለው ነበር። ከተበላን በኋላ ደግሞ ኀፍረቱ መጣና እንደገና ዝም አልን። አሁን አሁን በቴሌግራም የጓደኛን ስም ይዞ «ስልክህ ላይ የገባውን ኮድ ላክልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣም የምናደርገው ይህንኑ ነው። እንልካለን፣ አካውንታችን ይጠለፋል፣ አፍረን ዝም እንላለን።

ከሁሉ የሚያመኝ የእማዬ ነገር ነው። «ደረሰው» ሲባል የሰማች እሷ ብቻ ናት። ወዲያው በጀልባ ዘጌ ተሻግራ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት የተሳለችውን ጥላ አስገባች። እኛ «ቪዛው ዘገየ» እያልን ወራት አሳለፍን። በኋላ እውነቱን ልነግራት ስጀምር አስቆመችኝ። ልጇ ምግብ ትቶ ሲያድር አይታ ቀድማ አውቃው ኖሯል። «ገንዘቡስ ይቅር። አጠገቤ ተኝቶ ብቻውን ማልቀሱ ነው የከነከነኝ» አለችኝ።

ጣና ዳር ወደተቀመጥንበት ቀን ልመለስ። ወንድሜ በዚያ ዓመት እንደገና ሞልቶ ነበር። ፎርሙን ራሱ ነው የሞላው። ቁጥሩንም ደብተር ላይ ጽፎ ይዟል። ውጤቱ ከወጣ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ገና አላየውም። ዓሣው እስኪመጣ ስልኩን አወጣና ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገባ። ገጹ ቀስ እያለ ተከፈተ።

«አልደረሰኝም» አለ። ድምፁ አልተቀየረም።

ዓሣውን ይዞ የመጣው አስተናጋጅ ልጅ ሰምቶታል። ሳህኑን አስቀምጦ አልሄደም። ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ አለ። «ወንድሜ፣ ለእኔ ግን ኢሜይል መጥቶልኛል» አለ በሹክሹክታ። «ብር ላክ ይለኛል።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳበለት።

«አልላክህም አይደል?» አለው። «ቁጭ በል። እኔ የሆንኩትን ልንገርህ።»