ፋይበር ገብቶም የሚንቀራፈፈው ዳውንሎድ

ጅማ ላይ ዳውንሎድ ሲንቀራፈፍ ሁሉም ሰው "ኔትወርክ የለም" ነው የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው፣ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ሰሞኑን ፈረንጅ አራዳ ጓደኛዬ ቢሮ ያየነው ግን ሌላ ነው፦ 50 ሜጋቢት ፋይበር አለ፣ ስፒድ ቴስቱ ሙሉ ይላል፣ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ባክአፕ የሚያወርደው ፕሮግራም ግን 11 ሜጋቢት ላይ ድርቅ። መስመር ሲበላሽ እኮ ፍጥነቱ ይወጣል ይወርዳል እንጂ እንዲህ አንድ ቁጥር ላይ አይቸነከርም።

ነገሩ ቲሲፒ (ዳታውን የሚያመላልሰው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል) ላይ ተቀባዩ "ይሄን ያህል ቦታ አለኝ" ይላል፣ ላኪው ከዛ አልፎ አይልክም ምላሽ እስኪመጣለት። ፒንጉ (የደርሶ መልስ ጊዜው) 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ስለሆነ 50 ሜጋቢቱን ለመሙላት 940 ኪሎባይት ገደማ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ሶኬቱን (የፕሮግራሙን ክፍት ግንኙነት) በሊኑክሱ ኤስኤስ (ss) ኮማንድ ስናየው ባፈሩ፣ ማለትም የመጣ ዳታ የሚጠብቅበት ሜሞሪ፣ 425,984 ባይት ነው። ሊኑክስ የነካካ ሰው ይቺን ቁጥር ያውቃታል፣ የ212,992 እጥፍ ናት፣ እሱ ደግሞ በቆዩ ከርነሎች (ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው) የአርሜም ማክስ (rmem_max፣ ፕሮግራም በእጁ ሊጠይቅ የሚችለው የባፈር ጣሪያ) ዲፎልት። በቃ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ባፈሩን በእጁ ወስኖታል ማለት ነው። ከርነሉ ትልቅ ቁጥር ሲጠየቅ ኤረር እንኳን አይሰጥም፣ ጣሪያው ላይ ቆርጦ እጥፍ አድርጎ ይመዘግባል፣ ከዛ በኋላ ያንን ሶኬት ራሱ ማሳደጉን ይተዋል።

እጥፍ የሚያደርገው ለምን መሰላችሁ፣ ከርነል የሚቆጥረው ዳታውን ሳይሆን ፓኬቱ ሜሞሪ ላይ የያዘውን ቦታ ነው፣ የቡና መጋዘን ኪራይ በጆንያ ሲታሰብ ጆንያው ባይሞላም እንደምትከፍሉት። ስለዚህ ለዳታ የሚተርፈው ግማሹ ገደማ ነው፣ 212,992 ባይት በ150 ሚሊሰከንድ ስታካፍሉት ያው 11 ሜጋቢት!

የቢሮው ልጅ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ተከትሎ ቲሲፒ አርሜምን (tcp_rmem፣ ከርነሉ ባፈር ራሱ ሲያሳድግ የሚከተለውን ወሰን) ከፍ አድርጎ ነበር፣ ምንም አልተለወጠም፣ አይለወጥማ፣ በእጅ የተወሰነ ሶኬት ያንን አያይም፣ የሚገዛው አርሜም ማክስ ነው። የፕሮግራሙ ኮድ ስለነበረን እኛ ባፈሩን የምትወስነዋን የኮድ መስመር አጠፋናት። ከርነሉ ባፈሩን ራሱ እያሳደገ ሄደ (በቆዩ ከርነሎች ዲፎልት ጣሪያው 6 ሜጋባይት ነው፣ ለዚህ ርቀት ይበቃል)፣ ዳውንሎዱም 45 አለፈ። ኮዱ ከሌላችሁ አርሜም ማክስን ወደ 4 ሜጋባይት አድርጉትና ፕሮግራሙን ሪስታርት፣ የተከፈተው ሶኬት እንደሆነ አይቀየርም።