ፍየል ስለጠፋባት ትምህርት ቤት የገባች ልጅ

ከአዲስ አበባ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ ያለ የአርብቶ አደር ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ለመጎብኘት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ይህን መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ መምህር የሆነ ሰው ያውቀዋል። ሞጆ ሳይደርሱ ስንቁ ያልቃል፤ ዝዋይ ሳይደርሱ አንዱን ያስመልሰዋል፤ ሐዋሳ ለማደር ሲቆሙ ደግሞ መተኛት የሚፈልግ አይገኝም። በማግሥቱ ዲላን ስናልፍ በየግቢው በቆጥ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያሳየሁ፣ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ማስረዳት ጀመርሁ። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝና መንገድ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከኋላ ወንበር የመጣልኝ ምላሽ ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

ቡሌ ሆራን አልፈን (የድሮ ሰው አሁንም ሀገረ ማርያም ነው የሚላት) መሬቱ ቁልቁል ሲወርድ ሁሉም ነቃ። እንሰቱ ቀረ፣ ጭጋጉ ተገፈፈ፣ አፈሩ ቀላ። ግራር፣ ከሰው ቁመት በላይ የቆመ ኩይሳ፣ ከዚያም ግመል መጣ። «ቦረና የከብት አገር ነው አላሉንም እንዴ?» አለ አንዱ። ጥያቄው ትክክል ነው። ቦረና ከጥንት የቀንድ ከብት አርቢ ነው። ግመሉ የበዛው ድርቁ እየተመላለሰ ሣሩን ሲጨርስበት ነው፤ ግመል ቅጠል ቀጥፎ ይኖራል፣ ያለ ውኃም ብዙ ቀን ይቆያል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ እንደ ቅጠል ረገፈ። እኛ የሄድነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ የዚያ ዓመት ሀገያ፣ ማለትም የመጸው ዝናባቸው፣ ደህና ጥሎ ስለነበር አገሩ አረንጓዴ ነበር። ልጆቹ በቴሌቪዥን ያዩትን የተሰነጣጠቀ መሬት ፈልገው አጡት። አንዳንዶቹ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። ስሙን አልጽፍም። ተማሪዎቹ ስለራሳቸው የነገሩንን ስለማወራ ማን መሆናቸው እንዲታወቅ አልፈልግም።

መጀመሪያ ስለ ባነሩ ልናገር፣ ይውጣልኝ። የእኛ ትምህርት ቤት ከአውቶቡሱ ወርድ የማይተናነስ ባነር አሠርቶ ነበር፤ ሎጎው አለ፣ መፈክሩ አለ፣ የስጦታው ዝርዝር አለ። እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ የአገሬው ተማሪዎች ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ጠበቁን። የዕለቱን ተረኛ መምህር ቀስ ብዬ ስጠይቀው የሒሳብና የአጠቃላይ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው ያመለጣቸው። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ መጻሕፍቱ ተረከቡ፣ ከባነሩ ሥር ፎቶ ተነሣን። ከመጻሕፍቱ አንዱ ሽፋኑ ላይ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ድብ ያለበት የእንግሊዝኛ ተረት ነው። እነዚህ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ድቡን በትሕትና ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አቆመው።

ከዚያ በኋላ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሻይ ለመጠጣት ወደ ቢሮ ሲገቡ፣ ጉብኝቱ ተጀመረ።

የሴቶቹ መኝታ ክፍል ረጅም የብሎኬት ቤት ነው፤ በሁለት ረድፍ ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ በየአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን። የሳጥኑ ቁልፍ በክር ተንጠልጥሎ አንገት ላይ ይውላል። አንዷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የእኛን ሴቶች ልጆች ፍራሿ ላይ አስቀምጣ ሳጥኗን ከፈተችላቸው። ደብተሮች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሹራብ፣ መዳፍ የምታህል መስታወት፣ እናቷ የሠራችላት የጨሌ አንገት ጌጥ፣ ከዚያም በቢላ እኩል ለሁለት የተከፈለ የልብስ ሳሙና። አንዱ ግማሽ የዚህ ወር ነው፤ ሌላው ሰዎች ሲመጡ ወይም ወደ ከተማ ሲኬድ ብቻ ይወጣል። የዚያን ዕለት የወጣው የትኛው እንደሆነ ልብሷ ይናገር ነበር።

ቡራዩ ተወልዳ ያደገችው ተማሪያችን አስተርጓሚ ሆነች። የቦረና አነጋገር ከለመደችው ስለሚለይባት አንዳንዴ ቆም ብላ «እንደገና በይልኝ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ይስቃሉ። የእኛዎቹ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። ባለሳጥኗ በክፍል ታንሳለች፣ በዕድሜ ግን ዐሥራ ሰባት ሞልቷታል።

«እንዴት እዚህ ገባሽ?» ብለው ጠየቋት። ፈተና አልፌ፣ ወይም መንግሥት መርጦኝ የሚል መልስ ጠብቄ ነበር።

«ፍየል ስለጠፋብኝ» አለች።

ቤታቸው አምስት ልጆች አሉ። አባትየው አንድ ልጅ ላስተምር ሲል ያሰበው ታላቅ ወንድሟን ነበር። ወንድሟ ግን ከብት ያውቃል፤ የታመመችውን ላም ከአረማመዷ ይለያል፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ቀድሞ ይነቃል። እንዲህ ያለው ልጅ እንዴት ይሰጣል? እሷ በበኩሏ ሣር ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ፍየሎቹ ተበተኑ፤ ሁለቱ እንደ ወጡ ቀሩ። አባቷ ያን ማታ አልመታትም። «አንቺስ ለትምህርት ቤት ነው የምትሆኚው» አላት። ስትነግራቸው እየሳቀች ነው፤ የእኛዎቹ ግን መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ ግራ ገብቷቸው እኔን ያዩኛል። እኔ ሳቅሁ። ከተማ ውስጥ ጎበዙን ልጅ ለትምህርት እንመርጣለን፤ በዚያ ቤት የጎበዙ ቦታ ከብቱ ዘንድ ነው። አሁን እሷ የክፍሏ ሁለተኛ ነች፤ ወንድሟ መጻፍ አይችልም። ዕረፍት ወጥታ ስትመለስ ሚዛንና የገበያ ዋጋ እሷን እንደሚያስቆጥራት፣ የከብቱን ነገር ግን ዛሬም እንደማያማክራት ነገረችን።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እኔም በልቤ የያዝሁት ነበር፤ «ቤት አይናፍቅሽም? ሲዘጋ ትሄጃለሽ?»

«መጀመሪያ የት እንዳሉ እጠይቃለሁ» አለች።

ይህን በደንብ ማስረዳት አለብኝ፤ አውቶቡስ ውስጥም እስኪሰለቹኝ አስረድቻለሁ። ቦረና ከብቱን ለሁለት ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞች ከሽማግሌዎች፣ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር መንደር ይቀራሉ። የቀሩት ከጎረምሶች ጋር ሣርና ውኃ ወዳለበት ወደ ፎራ ይወርዳሉ። ስለዚህ በደህና ዘመን ወንድም ይርቃል እንጂ እናት ያለችበት ይታወቃል። በድርቁ ጊዜ ግን መንደሩም ተነሣ። የዚህች ልጅ ቤተሰብ አንድ ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ሰፈር ለውጧል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳጥኗን ለእንግዳ ተቀባዩ መምህር አደራ ትሰጥና የገበያ ቀን ጠብቃ ወደ ከተማ ትወጣለች፤ ከወገኖቿ ያገኘችውን ሰው ትጠይቃለች። አሁን ወንድሟ ስልክ ስለገዛ ቀሏል፤ እሱም ኔትወርክ የሚይዝ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው።

አባቴ ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1938 ዓ.ም. ተከፍቶ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን ሲያስገባ ከቆየ በኋላ፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ ከጎጃም የመጣ ነው። የአባቴ ትዝታ ሁሉ የመለየት ትዝታ ነው። ዐባይን መሻገር፣ ከብርድ ልብስ ሥር ማልቀስ፣ ክረምት ሲመጣ ያችኑ ቤት፣ ያንኑ ዋርካ፣ ያንኑ ውሻ ማግኘት። ሳድግ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ለእኔ ልጅን ከቤቱ ማራቅ ነበር። እዚህ ግን የራቀው ልጁ አይደለም፤ ቤቱ ነው። ከልጅቷ ዓለም ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ባለበት የሚገኘው ያ የብሎኬት ቤት፣ ያ የብረት አልጋ ብቻ ነው። ወላጆቿም ሲፈልጓት የት እንደሚያገኟት ያውቃሉ። ርእሰ መምህሩ እንደነገረኝ በዚያ በክፉው ዓመት አባቶች እየመጡ ልጅ አለ ወይ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ልጄ ዘንድ መልእክት አስቀምጡልኝ ይሉ ነበር። ዘመድ ዘመዱን በእነዚህ ልጆች በኩል ያገናኝ ነበር ማለት ነው።

ወጥ ቤቱ በጭስ የጠቆረ ነው። ትልቅ ጎላ ላይ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ይፈላል፤ ምግብ አብሳይዋ ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ ታገላብጣለች። ወንዶቹ ልጆቼ «እማማ፣ እናግዝዎት» ብለው ጠጋ አሉ፤ እንጨት ፍለጡ አለቻቸው። መጥረቢያ የያዘ አንድም ሰው ከእኛ መካከል የለም። ልቤን የነካው ግን ሻዩ ነው። ጠዋትም ማታም የሚጠጣው ያለ ወተት ነው። እነዚህ ልጆች በወተት ያደጉ ናቸው፤ እናቶቻቸው የወተቱን ዕቃ በእንጨት ጭስ አጥነው ነው የሚያልቡት። በገበያ ቀን ከአባቶች አንዱ በቢጫ ጀሪካን ወተት ይዞ ከመጣ ያ ሻይ ለጓደኞቹ ሁሉ ይነጣል። ርእሰ መምህሩ ግቢው ውስጥ ጥቂት የሚታለቡ ላሞች እንዲኖሩ ደጋግሞ ጠይቆ ነበር አሉ፤ በጀቱ ውስጥ ላም የሚባል መደብ የለም።

ጥር 2015 ላይ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት የመድኃኒት ስም ሆኗል። ወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር ያነሡታል። የሚያነሡት ግን ጎበዝ ተማሪ በፈተና ለቅሞ የሚያስገባውን ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ይህኛው ቤቱ ለሚንቀሳቀስበት ልጅ የተሠራ ነው፤ ቢዘጋ ተማሪው ሌላ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ፎራ ይወርዳል ወይም ትዳራለች። ሁለቱን አንድ ስም ስለያዙ ብቻ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም እላለሁ።

ሌላው ቶሎ ያለፈ ነው። የሚዘምሩትን ጉድጓዶች ለማየት ዱብሉቅ ሄድን። ሰዎች በጥልቁ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ቆመው ውኃውን በባልዲ እየተቀባበሉ በዜማ ያወጣሉ የተባለውን ልጆቹ በቪዲዮ ለመቅረጽ ተዘጋጅተው ነበር። ማንም አልነበረም። ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከኩሬ ይጠጣል፣ ጉድጓዱም ያርፋል። ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ሥራ የሚበዛበት በበጋ ነው። አንደኛው ተማሪ ደግሞ በዓለም ላይ በያቤሎና በአካባቢው ብቻ የሚገኘውን፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነውን ግራጫ ወፍ አያለሁ ብሎ አንገቱ እስኪቀጭ አንጋጥጦ ዋለ። አየው፤ እበት ሲጭር አገኘው። በጉዞው ከሁላችንም የተደሰተው እሱ ነው።

ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የጥናት ሰዓት ነው። የፀሐይ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ መብራቱ ይፈዝዛል፤ ተማሪው ወንበሩን እየገፋ ወደ አምፖሉ ይጠጋል። የእኛ ተማሪዎች ያለ ባነር፣ ያለ ፎቶ በመካከላቸው ተቀመጡ። የአልጀብራ ጥያቄ አንድ ላይ ሠሩ። የእኛው ቀዳሚ ተማሪ በእንግሊዝኛ ያብራራል፣ እነሱ በአፋን ኦሮሞ ይከራከሩታል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት ያስታርቃቸዋል። ጥዋት ከተደረገው ንግግር ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

ልንሄድ ስንል የሴቶቹ ተቆጣጣሪ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «እህቴ፣ ለወንዶቹ ፊት አልናገረውም» አለችኝ። ሞዴስ ነው የቸገራቸው። በወር ውስጥ ሦስት አራት ቀን ክፍል የማይገቡ አሉ። ከዚያም ሳሙና። በሦስተኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የሳይንስ ማጣቀሻ። ማስታወሻዬ ላይ በዚሁ ተራ ጻፍሁት።

ከተመለስሁ በኋላ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ዝርዝሩን አያይዣለሁ፤ ለከርሞ የምንሄደው በክፍለ ጊዜ መካከል ሰልፍ ሳናስወጣ እንዲሆን፣ ከዚያም አንድ ዓመት እነሱ ወደ እኛ እንዲመጡና ማደሪያውን የእኛ ተማሪዎች ወላጆች እንዲችሉ ጠይቄያለሁ። የወላጆች ኮሚቴ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። የትምህርት ቤታችን የፋይናንስ ክፍል በበኩሉ ደውሎ ባነሩ ዓመተ ምሕረት ተጽፎበት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ካልተጻፈበት ለከርሞም ያገለግላል ብለው ነው።