ከኤሌክትሪክ ጥገና ወደ ትልልቅ ሕንፃዎች ኤሲ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል በኤሌክትሪክ ጥገና ስሠራ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ኮንታክተሩን (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) እና የመቆጣጠሪያ መስመሩን ፈትሼ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሌላ ሰው ሥራ ነበር። የኤሲ ሙያ የተማርኩት ያንን ድንበር ለመሻገር ስል ነው።

በቴክኒክና ሙያ የተማርኩት ብዙ ጠቅሞኛል። ዲያግራም የሚያነብና የሞተር ጥቅልል የሚለካ ሰው ግማሹን መንገድ ተጉዟል። የጎደለኝ ሙቀት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበር፤ ይህንን ያስተማሩኝ ዕድሜያቸውን በቺለር (ለትልልቅ ሕንፃዎች ውሃ በሚያቀዘቅዝ ማሽን) ሥራ ያሳለፉ ባለሙያ ናቸው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ኮምፕረሰሩ ብዙ አምፔር ይስባል፤ እንቀይረው?» አልኳቸው፤ ኮምፕረሰሩ የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል ነው። ክላምፕ ሜትሩን (የአምፔር መለኪያውን) ከእጄ ተቀበሉና «መጀመሪያ ኮንደንሰሩን እጠበው» አሉኝ። ኮንደንሰር የጋዙን ሙቀት ወደ ውጪ የሚያስወጣው ክፍል ነው፤ አቧራ ደፍኖት ሙቀት ማስወጣት ሲያቅተው የጋዙ ግፊት ይጨምራል፤ ኮምፕረሰሩ ግፊቱን ለማሸነፍ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ በመጨረሻ ኦቨርሎዱ (አምፔር ሲበዛ ሞተሩን የሚያቆመው መከላከያ) ይቆርጣል። ከታጠበ በኋላ አምፔሩ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ አምፔር ስለካ የመምጠጫውንና የማስወጫውን ግፊት፣ የቱቦዎቹንም ሙቀት አብሬ እመዘግባለሁ።

ሌላው ትልቅ ትምህርት የከተማችን ከፍታ ነው። የጋዝን ግፊት ከሙቀቱ ጋር የሚያዛምዱት ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቫኩም ሲሠራ (ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩና እርጥበቱ ከቱቦው በፓምፕ ሲወጣ) ተራ ጌጅ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዲያሳይ የሚጠብቅ ሰው ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ ቢያሠራውም አያገኘውም፤ እዚህ 570 አካባቢ ላይ ይቆማል። በማይክሮን (በሚሊሜትር ሜርኩሪ አንድ ሺህኛ) የሚለካው መሣሪያ ግን የአካባቢውን አየር ሳይሆን ከባዶ ጀምሮ ያለውን ፍጹም ግፊት ስለሚያነብ 500 ማይክሮን እዚህም ያው 500 ነው። የጋዝ ግፊት ስንለካም ከጌጁ ንባብ 3.6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ቀንሰን ካልሆነ በቀር አር 134ኤ በተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ በመምጠጫው በኩል ሠንጠረዡ ወደ 2 ዲግሪ ያሳስተናል።

ኤሌክትሪሻን ከሁሉም በላይ የሚፈለገው መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲገባ ነው። የጀነሬተሩ የፌዝ (የሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች) ቅደም ተከተል ከዋናው መስመር ጋር ካልገጠመ ስክሮል ኮምፕረሰር (በጠመዝማዛ ክፍሎች ጋዝ የሚጨምቀው ዓይነት) ወደ ኋላ ይዞራል። ይጮኻል፣ ሁለቱ ግፊቶች አይለያዩም፣ አምፔሩም ከወትሮው ያንሳል። ያልተረዳ ሰው «ጋዝ አልቋል» ብሎ ይሞላል፤ መድኃኒቱ ግን በጀነሬተሩ በኩል ሁለት ፌዝ ማቀያየር ነው።

እኛ ኤሌክትሪሻኖች ሥራ ስንጨርስ ብሬከር አውርዶ የመሄድ ልማዳችንም እዚህ መታረም አለበት። የኮምፕረሰሩ የዘይት ማሞቂያ አብሮ ከጠፋ ጋዙ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ በድንገት ሲነሣ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ብዙ አምራቾች ማሞቂያው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቀድሞ እንዲበራ የሚያዝዙት ለዚህ ነው።

ቱቦ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለመፈተሽ ናይትሮጅን ጠፍቶ «ኦክስጅን ይሁን» የሚል አለቃ ከገጠማችሁ እባካችሁ ሥራውን ትታችሁ ውጡ። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

አሁን ሙያውን ሊጀምር ለሚፈልግ ኤሌክትሪሻን የምለው ብልሽት አትጠብቅ ነው። ደህና የሚሠራውን ማሽን ጠዋትና ቀትር ላይ ለካ፤ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ አምፔሩንና የውጪውን አየር ጻፍ። ማሽኑ የታመመ ዕለት የምታመሳክርበት ያ መዝገብ ነው።