እግዱ ፋይሉ ውስጥ እስኪገባ

ሐሙስ ማታ፣ ባሕር ዳር

ዛሬም ለፍቺ ከመጣች ሚስት ያው ጥያቄ፦ «የቤቱ ካርታ በባሌ ስም ነው፤ ፍቺው ሳይወሰን ቢሸጠውስ?»

ስሙ ያን ያህል አያስፈራም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» ባዩ ራሱ ያስረዳ። የሚያስፈራው ጊዜው ነው። ሽማግሌ ገብቶ «እስከ ፋሲካ ታገሱ» ሲባል ባጃጁ ይሸጣል፣ የዘጌው ቡና ሳይለቀም ዋጋ ይቆረጥለታል። ሽማግሌ ይግባ፣ ደግ ነው። ግን የሽማግሌ ቃል መሬት አስተዳደር ያለውን ፋይል አይቆልፍም።

የሚቆልፈው የፍርድ ቤት እግድ፣ ማለትም ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይሸጥ የሚከለክል ትእዛዝ ነው፤ እሱ ደግሞ የተከፈተ የክስ መዝገብ ይፈልጋል። ስለዚህ የፍቺው አቤቱታ በሚገባበት ቀን፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የእግድ አቤቱታም ከነቃለ መሐላው አብሮ ይግባ። «ይሸጠዋል ብዬ እሰጋለሁ» ብቻ የሚል ቃለ መሐላ ደካማ ነው። ደላላው ቤቱን ያሳየበት ቀን፣ ቴሌግራም ላይ የወጣው ማስታወቂያ ፎቶ፣ ቀብድ ሲቀበል ያየ ሰው ካለ ስሙ ይጻፍበት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው መለያው ላይ ነው። ለቤት የካርታ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ የባለይዞታው ስም እስከ አያት፤ ለተሽከርካሪ ሰሌዳ፣ ሻንሲና ሞተር ቁጥር። «በስሙ ያለ ማናቸውም ንብረት» የሚል እግድ ይዞ ፋይል የሚያገላብጥ ሠራተኛ የለም። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ይዞታ የለም» የሚል ደብዳቤ ይመለሳል፤ እሱ እስኪታረም ገዢው ስሙን አዙሮ ይጨርሳል።

ትእዛዙ እንደወጣ ያንኑ ቀን በእጅ ይዞ መሮጥ ነው። ለቤቱ መሬት አስተዳደር፣ ለተሽከርካሪው ትራንስፖርት፣ ለሁለቱም ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት። ይሄ የመጨረሻው ሁሌ ይረሳል፤ ውሉ የሚፈረመው ግን እዚያ ነው። ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ከነማኅተሙ ያረፈበት ቅጂ ሳይይዙ አለመመለስ። ነገ «አልደረሰንም» ቢባል መልሱ ያች ማኅተም ናት።

ቡናው ግን በእግድ አይድንም፤ ማን ይልቀመው ሲባል ይረግፋል። ለሱ የሚሻለው፣ ፍርድ ቤቱ ማን እንደሚያስተዳድረውና ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ እንዲያዝ መጠየቅ ነው።

ዓረብ አገር ሆነው «መሸጥ መለወጥ» የሚል ውክልና የላኩ እህቶች ደግሞ ከሁሉ በፊት ውክልናውን ይሻሩ፤ ለዚህ መዝገብ መክፈት አያስፈልግም። ውክልናው እስካለ ድረስ ሽያጩ በእነሱ ፈቃድ የተፈጸመ ይመስላል። መሻሪያውም ለተወካዩና ለእነዚያው መሥሪያ ቤቶች መድረስ አለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የውሸት ዕዳ ነው። ባል ለወንድሙ የብድር ውል ይፈርማል፣ ወንድም ይከሳል፣ ባል «አዎ አለብኝ» ይላል፣ ቤቱ በአፈጻጸም ሐራጅ ይወጣል። ክሱ ገና ካልተወሰነ በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 41 ጣልቃ መግባት፤ ከተወሰነ ፍርዱ ሳይፈጸም በቁጥር 358 መቃወም ይቻላል።

ከተሸጠ በኋላም ውሉን ማፍረስ አይዘጋም። የፌዴራሉ ቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 በአንቀጽ 69 ሽያጩን ካወቁበት ቀን 6 ወር ይሰጣል፣ ቢበዛ ግን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት። እዚህ አማራ ክልል ግን የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995 ነውና፣ ከአዲስ አበባ አቤቱታ የተገለበጠ አንቀጽ ይዞ ችሎት መቆም ያሳፍራል።

ፍቺው ሲወሰን ደግሞ ብዙዎች እፎይ ብለው ይቀመጣሉ። መዝገቡ ሲዘጋ እግዱም አብሮት ሊወድቅ ይችላል። የንብረት ክፍፍሉ በሌላ ቁጥር ከተከፈተ፣ እግዱም በአዲሱ ቁጥር ተጠይቆ፣ እንደገና ወደ እነዚያው መሥሪያ ቤቶች፣ እንደገና ማኅተም።